መጋረጃ የሚቀያይሩት የፎቁ ሰዎች

ሰበታ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጋሽ ሐምዱ፣ ጁባ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ። ይህች ወረቀት እጅዎ ስትገባ ጤናዎ ሙሉ፣ ገበያዎ የደራ፣ የጁባም ሙቀት ረገብ ያለልዎት ይሁን። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ እማዬን ብቻ ጉልበቷ ያስቸግራታል። "ከእኔ ብለሽ ግንባሩን ሳሚልኝ" ብላለች። ግንባር በወረቀት እንዴት እንደሚሳም እንጃ፣ ግን ተስሜያለሁ ይበሉ።

ስልኩን ትቼ እስክሪብቶ ያነሳሁት ራስዎ ስላዘዙኝ ነው። ባለፈው ደውዬ ገና ነገሩን ስጀምር "ጻፊልኝ ራያ፣ በስልክ የሰማሁትን ገበያው ያስረሳኛል" አሉኝ። እሺ ብያለሁ። ወደ ጁባ ዕቃ የሚያመላልሰው አማኑ ሰሞኑን ስለሚነሳ በእሱ እልካለሁ።

ወሬው ትልቅ ስለሆነ ቁጭ ብለው ያንብቡት። ከተማችን ስለ ባዶ ሕንፃ ደንብ አወጣች። ከዓመት በላይ ሰው ያልኖረበትና ሥራ ያልተሠራበት ቤትም ሆነ ፎቅ ሁሉ ይመዘገባል ተብሏል። ባለቤቱ ውጭ ከሆነ እዚህ ሆኖ የሚጠየቅለት ሰው ይወክላል፤ የዚያ ሰው ስምና ስልክ በሩ ላይ ይለጠፋል። ከዚያ መሐንዲስ መጥቶ ደረጃውንና ጣሪያውን፣ የመብራት መስመሩንና ግድግዳውን ያያል፤ ለሰው የሚያሰጋ ነገር ካለ አሠሩ ይላል። እስከ የካቲት መጨረሻ ሳይመዘገብ የቀረውን ግን ከተማው ራሱ ተረክቦ ለፈለገው ሥራ ያውለዋል። ስብሰባው ላይ ፊት ተቀምጬ ነው የሰማሁት፣ ከመንገድ የለቀምኩት ወሬ አይደለም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሰበታ ሌላ ወሬ የላትም። ባለፎቁ ሁሉ ይሯሯጣል። ሱሉልታ ላይ አንዱ ሰውዬ "ቤቴ ባዶ አይደለም" ለማለት ሳሎኑ ውስጥ በጎች አስገባ፤ ተቆጣጣሪዎቹም ገብተው "ነዋሪ፦ በግ" ብለው ጽፈውለት ሄዱ ይባላል። እውነት ይሁን ውሸት አላውቅም፣ እኛ ግን እስኪያመን ስቀንበታል።

የእርስዎን ፎቅ ያየ ሰው ባዶ ነው ብሎ አይጠረጥርም። ይህ ደግሞ የእኔ ሥራ ነው። ቁልፉን ለአባቴ ሰጥተው ሲሄዱ "ባዶ መሆኑን ሌባ አይወቅ" ብለውት ነበር። አባቴ ነፍሱን ይማረውና "የአጎቴ ልጅ አደራ ነው" እያለ እስከ መጨረሻው ሲጠብቅልዎ ኖሮ አደራው ወደ እኔ መጣ። እኔ ደግሞ መጋረጃ ሰፊ ነኝ፣ ሌላ ምን አውቃለሁ? በየመስኮቱ መጋረጃ ሰቀልኩበት። ገዢ ሳይወስደው የቀረ ሥራ ሲኖረኝ እዚያ እሰቅለዋለሁ፣ ሲሸጥ ሌላ እቀይራለሁ። ከሱቅ ስወጣ በጓሮ በር ጎራ ብዬ መብራት አበራለሁ፣ ጠዋት አጠፋለሁ። ደረጃው ሥር የአባቴን ጫማ፣ የእማዬን ሸበጥና አብራኝ የምትሰፋዋን የዱርሲቱን ቡትስ ደርድሬያለሁ፤ በየጁምዓው ቦታቸውን እለዋውጣለሁ። ስገባም አባቴ እንዳስተማረኝ ለባዶው ቤት ሰላምታ አቅርቤ ነው የምገባው።

አሁን የሚያስፈልገኝ ውክልና ነው። ኤምባሲ ሄደው ያሠሩልኝና በአማኑ ይላኩልኝ፣ ፎቅዎን ላስመዝግብ።

የእኔ ሱቅ ለመንገድ ማስፋፊያ ምልክት ተደርጎበታል። ሁለቱን የስፌት መኪና የት እንደምናደርሳቸው ከዱርሲቱ ጋር እያሰብን ነው። ለአሁኑ እሱን ተዉት፣ የእርስዎ ይቅደም።

አላህ ያቆይልን።
ልጅዎ ራያ


ጁባ፣ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ራያ

ወዐለይኩም ሰላም። በደብዳቤሽ ደስ ብሎኛል፤ ለእናትሽ ግንባሬ መሳሙን ንገሪያት። ጉልበቷን የምትቀባው ነገር አማኑ ይዞላታል፣ ማታ ማታ እንጂ ቀን አትቀባው። እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ሙቀቱ ሰው ይጠብሳል፣ ብርድ ልብስ ነጋዴ መሆኔ ግን አልቀረም። ሰው ይገዛዋል፣ ለምን እንደሚገዛው አልጠይቅም።

ውክልናውን ይኸው ልኬያለሁ። ቤቱ ባዶ ነው፣ ባዶ ብለሽ አስመዝግቢው። ባዶነቱን የደበቅኩት ከሌባ እንጂ ከመንግሥት አይደለም። ተቆጣጣሪ ሲመጣ ሁሉን ክፈችለት፤ አሠሩ ያለውን አሠራለሁ።

ነገር ግን ማንም አይግባበት። ዘመድ ሆነ ወዳጅ ሆነ፣ "ለአንድ ወር ብቻ" የሚልም ሆነ፣ ማንም። እዚያ ቤት መጀመሪያ የምተኛው እኔ ነኝ። ይህን ለአባትሽም ነግሬው ነበር። ከረመዳን በኋላ ኢንሻአላህ እመጣለሁ።

ሁለት ነገር ጻፊልኝ። ከላይኛው ክፍል መስኮት ወጨጫ ተራራ አሁንም ይታያል ወይስ ፊቱ ላይ ሰው ሠራበት? ሁለተኛ፣ አሁን የተሰቀለው መጋረጃ ምን ዓይነት ነው?

ስለ ሱቅሽ አዝኛለሁ። አላህ የተሻለ ይተካልሽ።

ሐምዱ


ሰበታ፣ ኅዳር 30 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጋሽ ሐምዱ

ሰላምታዬ ከነመላው ቤተሰቡ ይድረስዎ፤ አላህ ከሐሳብዎ ያድርስዎ። ወጨጫ ይታያል፣ እስከ ጫፉ። የላይኛው መስኮት መጋረጃ ወርቃማ ነው፣ ከሥሩ ዘርፍ አለው። እማዬ ቅባቱን ቀንም ማታም እየተቀባች ነው፣ እኔ ተናግሬያለሁ።

አሁን ደግሞ ጉዴን ይስሙኝ። ውክልናውን ይዤ፣ ምን የመሰለ ሻሽ አስሬ፣ ፎቁን ላስመዘግብ ሄድኩ። ጸሐፊው የቤቱን ቁጥር አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ቁጥሩን አየ። "ይኼ ፎቅ? ሰው አለበት እኮ" አለኝ። የለበትም አልኩት። አለበት አለኝ። በአማርኛ አልሰማ ሲለኝ በኦሮምኛ "ነምኒ ህን ጂሩ" አልኩት። እሱም በኦሮምኛ "ጂራ" ብሎኝ አረፈ።

ነገሩ ሲከር ከሰፈሩ ኮሚቴ ምስክር ይጠራ ተባለ። ማንን ጠሩ መሰልዎ? ኦቦ ጃለታን። ያውቋቸዋል፣ ከፊት ለፊት ያሉት ላም አርቢ ሽማግሌ ናቸው፤ ድሮ ያ ቦታ ሁሉ የእርሻ መሬታቸው ነበር። ከዘራቸውን ተደግፈው ቀጥ ብለው ቆሙና "ሰዎቹን አውቃቸዋለሁ" አሉ። "ሰውዬው ሲመሽ ያነባል፣ መብራቱ ምስክሬ ነው። ሚስቱ መጋረጃ ወዳድ ናት፣ ለበዓል ሳትቀይር ቀርታ አታውቅም። ኩሩዎች ናቸው እንጂ ክፉ አይደሉም። ጠዋት ላሞቼን ሳወጣ አካም ቡልቴ እለዋለሁ፣ እሱም ከመስኮቱ ራሱን ይነቀንቅልኛል።"

ጋሽ ሐምዱ፣ ራሱን የሚነቀንቀው ዘርፉ ነው። መስኮቱ በደንብ አይገጥምም፣ ንፋስ ይገባዋል።

መሳቅ አማረኝ፣ ግን ማን ያስቀኛል። ጥግ ላይ አትክልት የምትሸጠው የወይንሐረግ ደግሞ ማንም ሳይጠራት ገብታ "ልጆቻቸውማ ጨዋ ናቸው፣ ድምፃቸው ተሰምቶ አያውቅም፣ እንደኔዎቹ መሰሏችሁ?" አለች። ከዚያ ወዲያ የማን ቃል ይሰማል? ጸሐፊው መነጽሩን አውልቆ "እመቤት፣ እንግዲያው ተከራዮቹን ስለምን ደበቅሽ? መታወቂያቸውን ይዘሽ ነይ" አለኝ። ባዶ ቤት ላስመዘግብ ሄጄ ሰው ደባቂ ሆኜ ተመለስኩ። በመጨረሻ መሐንዲሷ ራሷ መጥታ ትየው ተብሎ ከጥምቀት በኋላ ቀጠሮ ተሰጠን። እሷ ባዶ ነው ብላ ካልፈረመች ምዝገባ የለም፤ ምዝገባ ከሌለ ደግሞ የካቲት ሲያልቅ ምን እንደሚመጣ ጽፌልዎታለሁ።

አንድ ነገር ልንገርዎና ይሳቁ። ደንበኞቼ ሱቅ መጥተው "እንደ ፎቁ ሰዎች ዓይነት ስፊልኝ" ይሉኛል። መጀመሪያ ላይ ማንን እንደሚሉ አልገባኝም ነበር። እኔው የሰፋሁትን ከእኔው ያዛሉ። እኔም ዝም ብዬ ሜትሬን አነሳለሁ።

እንግዲህ ባለፈው ያስቀረሁትን ልናገር። ሱቃችን ከጥምቀት በኋላ ይፈርሳል፣ ቁርጥ ሆኗል። የምንከራየው ቤት ፍለጋ ሰበታን ዞርነው፣ ተጂ ድረስ ሄድን፣ የለም። ጋሽ ሐምዱ፣ ምድር ቤቱን ለእኔና ለዱርሲቱ ይፍቀዱልን። መኪኖቻችንን እዚያ እንትከል። ፎቁ ላይ እግራችንን አናሳርፍም፣ ከላይ መጀመሪያ የሚተኙት እርስዎ ይሁኑ። ቤቱም ባዶ መባሉ ይቀራል። እንቢ ቢሉኝ እንኳ እንቢ ብለው ይጻፉልኝ።

ራያ


ጁባ፣ ታኅሣሥ 28 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ራያ

ሰላም ለአንቺና ለቤቱ ሁሉ። ደብዳቤሽን መጋዘን ውስጥ ነው ያነበብኩት። እንባዬ እስኪወርድ ስለሳቅኩ ሠራተኞቼ የሞት መርዶ መሰላቸው። ከዚያ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፣ እንደገና አንብብልን አሉኝ። ሱዳኑም ኡጋንዳውም፣ ሁሉም ኦቦ ጃለታን አሁን ያውቃል። ጠዋት ጠዋት ራሳቸውን እየነቀነቁልኝ ነው ሥራ የሚገቡት።

ስለ ሰዎቹ አስቤ አስቤ ስም አወጣሁላቸው። ሰውዬው መምህር ኦዳ ይባል። የጂኦግራፊ መምህር ነበር፣ አሁን ጡረታ ነው፣ ለዚህ ነው ሲመሽ የሚያነበው። ሚስቱ ሲድራ ናት። ከሐር በታች አትለብስም፣ እሱም አይጨክንባትም። ልጆቹ ድምፅ የሌላቸው ለፈተና ስለሚያጠኑ ነው። አንደኛው ሐኪም ይሆናል። ትንሿ ግን ተንኮለኛ ናት፣ ጫማዎቹን እያለዋወጠች የምታስቀምጠው እሷ ናት።

መዝገብ ላይ ባዶ በይ፣ እውነቱ እሱ ነው። የሰፈሩን ወሬ ግን አታፍርሺባቸው። ሳሎኑ የነሱ ይሁን። መምህሩም መጽሐፍ ስለሚበዛበት ምድር ቤቱን ለመጽሐፉ ይያዘው። ለሲድራ ደግሞ ለላይኛው መስኮት አረንጓዴ መጋረጃ ስፊላት፣ ወጨጫን የሚመስል አረንጓዴ።

ለደረጃው መደገፊያ ብረት የሚሆነውን ገንዘብ በአማኑ ልኬያለሁ፣ መሐንዲሷ ሳትመጣ አስበይጅው። የመስኮቱንም ክፍተት ማስደፈን ይቻላል፣ ግን ኦቦ ጃለታ ሰላምታ የሚመልስላቸው እንዳያጡ ተይው።

የጻፍሽውን ሁሉ አይቻለሁ። ከረመዳን በኋላ እንነጋገራለን።

ሐምዱ


ሰበታ፣ ጥር 7 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጋሽ ሐምዱ

አሰላሙ ዐለይኩም። ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ምርቃቱን እማዬ ትመርቅልዎ፣ እኔ ተናድጃለሁ።

መጀመሪያ ሳቅኩ፣ አልዋሽም። ለዱርሲቱም አነበብኩላት። "ምድር ቤቱን ለመጽሐፉ ይያዘው" የሚለው ላይ ስደርስ እሷ መሳቋን አቆመች፣ እኔም እያየኋት አቆምኩ።

ጋሽ ሐምዱ፣ ለሌሉ ሰዎች ቤት ሰጡ። ለሌለ መምህር፣ ለሌለ መጽሐፉ ክፍል ፈቀዱ። ለሌለች ሲድራ መጋረጃ አዘዙላት። እኔ አለሁ። አሥር ጣት አለኝ፣ የመርፌ ጠባሳ አለባቸው። እማዬ አለች። ዱርሲቱ አለች፣ ሦስት ታናናሾቿን በዚህ ሥራ ነው የምታስተምረው። እኛ እንግባ ስንል "ከረመዳን በኋላ"። የትኛው ረመዳን? አባቴም ሲጠብቅ የኖረው ይህንኑ ረመዳን ነበር።

ቤቱ የእርስዎ ነው። ላብዎ ነው፣ እንቢ የማለት መብትዎ ነው። እንቢ ቢሉኝ ሌላ ቦታ እፈልጋለሁ፣ አደራዎንም አልጥልም። ያናደደኝ እንቢታው አይደለም፣ እንቢም አላሉኝም። ያላዩት መስለው ማለፍዎ ነው። ለመምህር ኦዳ ያሰቡለትን ያህል ለእኔ አላሰቡልኝም።

ብረቱ ተበይዷል። አረንጓዴውንም መጋረጃ ሰፍቻለሁ፣ የታዘዝኩትን አላስቀርም። ሲድራ ትስቀለው።

ራያ


ሰበታ፣ የካቲት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጋሽ ሐምዱ

አላህ በሰላም ያቆይዎ። መልስ አልመጣም። አማኑ ሁለት ጊዜ ተመልሶ መጥቶ ሁለቴም "አልጻፉም" አለኝ። ያለፈው ደብዳቤዬ ከብዶብዎ ከሆነ፣ ቃሌን አልመልስም፣ ግን ከማንም ባላነሰ እንደምወድዎ ይወቁ። ዛሬ የምጽፈው ሳልጽፍ ብውል ስለምፈነዳ ነው። መሐንዲሷ መጣች።

ወይዘሪት ገለቴ ትባላለች፣ ከቡራዩ ነው የመጣችው። ቀጭን ናት፣ ሄልሜት አድርጋ፣ ቦርሳዋን በደረቷ አንጠልጥላ ስትመጣ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ጠበቃት። ሠርግ እንኳ እንዲህ ሰው አይወጣለትም። የወይንሐረግ አትክልቷን ሸፍና መጣች። ኦቦ ጃለታ ደግሞ የክት ኮታቸውን ለብሰው፣ "ዛሬ እንኳ ከጎረቤቴ ጋር በአካል እጨባበጣለሁ" እያሉ ፊት ቆሙ።

ቁልፉን ይዤ ልከፍት ስል ገለቴ እጄን ያዘችኝ። "ደንቡ እንደዚያ አይልም" አለች። ባዶ ነው ተብሎ ከመጻፉ በፊት ተቆጣጣሪው በሩን ማንኳኳትና መጣራት አለበት፣ መልስ መጠበቅም አለበት። አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም፣ ሦስቴ። ሰው ያለበትን ቤት ባዶ ብለው የጻፉ ቀን የሚመጣውን ስለሚያውቁ ነው አሉ።

አንኳኳች። "ኤኙቱ ጂራ? ማነው ያለው?" ብላ ተጣራች።

ያን ያህል ሰው ቆሞ አንድ የሚያስል አልነበረም። ሁሉም ጆሮውን ወደ በሩ አዘነበለ። ዳግም አንኳኳች። ኦቦ ጃለታ ኮታቸውን አስተካከሉ። ሦስተኛውን ስታንኳኳ ምን እንደሆንኩ አላውቅም፤ "አቤት፣ እኔ አለሁ" ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዱርሲቱ ክንዴን ባትጨብጠው ኖሮ እልም ነበር። ባዶ ቤት ሲንኳኳ ሰምተው ያውቃሉ? እኔ ያን ሁሉ ጊዜ ስገባ ስወጣ አንኳኩቼ አላውቅም፣ ለካስ እንዲህ ነው ድምፁ።

ከዚያ ከፈትኩ። ሰዉ ተከትሎ ሊገባ ሲል ገለቴ ከለከለች፣ ኦቦ ጃለታን ብቻ ለምስክርነት ይዘን ወጣን። ብረቱን ነቀነቀችው፣ ጥሩ ነው አለች። የኋላው ግድግዳ ስንጥቅ ልስኑ ላይ ብቻ ነው፣ አያሰጋም። ጣሪያው ላይ አንድ ቆርቆሮ ተነስቷል፣ የላይኛውን የመብራት መስመር ደግሞ አይጥ በልቶታል፣ እሱ ይቀየር አለች። ኦቦ ጃለታ ግን ሌላ ነገር ነበር የሚያዩት። ከክፍል ክፍል ዞሩ። ወለሉ የተጠረገ፣ ዕቃ የሌለበት። የላይኛው መስኮት ጋ ደርሰው ዘርፉን በእጃቸው ያዙት። "ታዲያ እኔ ስንት ዓመት ከማን ጋር ነው ሰላም ስባባል የኖርኩት?" አሉኝ።

አሳዘኑኝ። "ከእኔ ጋር ነው ኦቦ" አልኳቸው። "መብራቱን የማበራው እኔ ነኝ፣ መጋረጃውም የእኔ ነው።"

ወረዱና ደጃፉ ላይ ቆመው ለሰዉ ሁሉ ተናገሩት። አይጮሁም፣ ግን ይሰማሉ። "ማንም የለም። የፎቁ ሰዎች ራያ ናት።" ይቆጡኛል ብዬ ነበር። የወይንሐረግ መጥታ በሁለት እጇ ፊቴን ያዘችኝና "አንቺ ነሽ? ያን ወርቃማውን የሰፋሽው አንቺ ነሽ?" አለችኝ። እዚያው በራፍ ላይ ቆሜ ለዒድ የሚሆን ትእዛዝ ተቀበልኩ፣ ዱርሲቱ የምትጽፍበት አጥታ እጇ ላይ በእስክሪብቶ ጻፈችው። ከሰበታ ያልፋል፣ አንዲት የሱሉልታ ሴት ሁሉ ስልኬን ወስዳለች። እንዲህ ያለ ቀን አይቼ አላውቅም።

አሁን ዋናውን ልንገርዎ። ገለቴ ባዶ ብላ ፈርማለች፣ የእኔም ስምና ስልክ በሩ ላይ ተለጥፏል። ግን ይህ የሚያቆየው ለአንድ ዓመት ብቻ ነው አለችኝ። ከዚያ በኋላም ባዶ ከሆነ ከተማው የራሱን ሰው ያስገባበታል። "የሚሠራበት ሰው አለ ካልሽ ግን አሁኑኑ ስሙን ልጻፍና ከባዶዎቹ ይውጣ" አለችና እስክሪብቶዋን አንስታ አየችኝ። የእኔን ስም እየጠበቀች እንደሆነ ገብቶኛል። ኦቦ ጃለታም ዱርሲቱም ያዩኝ ነበር። ባለቤቱ ሳይፈቅድ ስሜን ሰው ቤት ላይ አላስጽፍም። ገለቴ ቦታውን ክፍት ትታልኝ እስከ የካቲት መጨረሻ ትጠብቀኛለች።

ሱቃችን ትናንትና ፈረሰ። መኪኖቻችን ኦቦ ጃለታ በረት ውስጥ ናቸው፣ እሳቸው ናቸው "አምጪው" ያሉኝ። ያን ሁሉ ትእዛዝ በላሞች መካከል ሆነን እየሰፋን ነው። ላሞቹ ድምፁን ለምደውታል፣ እኛ ሽታውን አልለመድንም። ለዒድ ነጭ መጋረጃ ያዘዙኝን ሳስብ እንቅልፍ የለኝም።

አንድ ቃል ይጻፉልኝ።

ራያ


ጁባ፣ የካቲት 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለራያ

ረመዳን ሙባረክ። አላህ ጾማችሁን ይቀበል፣ እናትሽን በጤና ያቆያት፣ አንቺንም የእጅሽን ፍሬ ያብላሽ። ይህን ከልቤ ነው የምጽፈው፣ ለመክፈቻ ያህል አይደለም።

የጥር ወር ደብዳቤሽ አናዶኝ ነበር። ሁለት መልስ ጽፌ ሁለቱንም ቀደድኳቸው። አንደኛው ስድብ ነበር፣ ሌላኛው ውሸት ነበር። ከዚያ የየካቲቱ መጣ።

ለምን ማንም አይግባ እንደምል ለአባትሽም ነግሬው አላውቅም። እኔ ያደግኩት ከስድስት ወንድሞቼ ጋር በአንድ ፍራሽ ላይ ነው፣ ያውም ሰው ሱቅ ጓሮ። እዚህም የምተኛው መጋዘን ውስጥ ብርድ ልብስ ክምር ላይ ነው፣ አጠገቤ አምስት ሰው ያንኮራፋል። ሲሰለቸኝ ዓይኔን ጨፍኜ ያን ፎቅ አስባለሁ። አንድም ሰው የሌለበት፣ ዝም ያለ፣ የእኔ። ባዶነቱ ነበር ሀብቴ። ሰው ከገባበት የቀረኝ የማስበው ነገር ያልቅብኛል ብዬ ፈራሁ። ስትለምኚኝ ዝም ያልኩት ለዚህ ነው። መምህር ኦዳ ደግሞ አያንኮራፋም።

ነገር ግን የበሩን ጉዳይ ስትጽፊ ገለቴ አንኳኳች የሚለው ላይ ደርሼ ቆምኩ። ወረቀቱን ይዤ እንደናንተው ጆሮዬን ሰጠሁ። ከውስጥ አንድ ሰው አቤት እንዲል ፈለግኩ ራያ። ማንም እንዳይገባበት ስል በኖርኩበት በገዛ ቤቴ፣ ሦስቴ ተንኳኩቶ መልስ ሲጠፋ እኔው ከዚህ አቤት ልል ምንም አልቀረኝ። አንቺ ቁልፍ ይዘሽ ውጭ ቆመሻል፣ አቤት የምትለው ልጅ በረት ውስጥ ትሰፋለች።

ስምሽን አስጽፊ። ዛሬውኑ፣ ይህን አንብበሽ ሳትጨርሺ ሂጂ። የዱርሲቱንም ከአንቺ ቀጥሎ አስጽፊ። ምድር ቤቱ ብቻ አይደለም፣ ሁሉንም ያዙት። የላይኛዋ የወጨጫዋ ክፍል ውስጥ አንድ ፍራሽ አስቀምጪልኝ፣ ብቻዬን ተኝቼበት ልይ፣ ካልለመድኩት ወደናንተ እወርዳለሁ። አረንጓዴውን መጋረጃ እዚያው ስቀይው፣ አንቺው በእጅሽ። የመብራቱን መስመርና ቆርቆሮውን የሚሠራው ሰው እንዲመጣ ለአማኑ ነግሬዋለሁ፣ ዋጋውን በስልክ ጨርሶታል።

ለዒድ እመጣለሁ። በየዓመቱ እንደምለው አይደለም፣ ቲኬቱን አማኑ በዓይኑ አይቶታል፣ ጠይቂው። ለኦቦ ጃለታ ንገሪያቸው፣ ጠዋት ላሞቻቸውን ሲያወጡ ከመስኮቱ ራሱን የሚነቀንቅላቸው ይኖራል።

በዚህ ፖስታ ውስጥ የእኔን ቁልፍ ታገኛለሽ። ስወጣ ሁለት ነበሩ፣ አንዱን ለአባትሽ ሰጠሁት፣ ይህን ግን ከአንገቴ አውልቄው አላውቅም። ለዱርሲቱ ስጫት። እኔ አልፈልገውም፣ አንኳኩቼ ነው የምገባው።

ስመጣ ግን ቶሎ እንዳትከፍችልኝ። መጀመሪያ ከውስጥ ሆነሽ "ማነው?" በይኝ።

አጎትሽ ሐምዱ